አንድ ሜትር ከግድግዳ

እኛ አገር የሳሎን ዕቃ የሚገዛው ግድግዳ ታይቶ ነው። ሶፋ ሲታሰብ «የትኛው ግድግዳ ላይ ይሆናል?» ይባላል። ለቡፌ ግድግዳው በሜትር ይለካል። ፍሪጅ ከገባ በኋላ ገመዱ እስኪጨፈለቅ ድረስ ወደ ኋላ ይገፋል። የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ሳሎን በር ከፍቶ ለሚገባ ሰው፣ ዕቃው ሁሉ መሀል ላይ የሚያስፈራ ነገር አይቶ ወደ ዳር የሸሸ ይመስለዋል። መሀል ላይ ያለችው ግን አንዲት ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ናት፤ እሷም ብትሆን እንግዳ የበዛ ዕለት ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሰዋችን ብዙ ነው። ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፣ ልቅሶ አለ። መሀሉ ለሰው፣ ዳሩ ለዕቃ የሚለው ሳይጻፍ የጸደቀ የቤት ሕግ ነው። ከዕቃ ወገን ይህን ሕግ አልቀበልም ብሎ ያስቸገረ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም ጀርባ የሌለው ስፒከር ነው።

ባለሙያዎቹ «ኦፕን ባፍል» ይሉታል። ሲያዩት የሚያኮራ ነገር አይደለም። አንድ ሰፊ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ በብሎን የታሰረ ስፒከር፣ ከታች እግር፤ በቃ። ሳጥን የለውም። ከፊት ያየው ሰው «ያምራል» ይላል፤ ከኋላ የዞረው ደግሞ ማግኔቱንና ሽቦውን ያይና «መቼ ነው የተበላሸው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጣውላውን የሠራልኝ አናጢ ወጣት ነው። እጁ ንጹሕ ነው፤ ጥያቄው ግን አያልቅም። የሰጠሁትን ሥዕል ገለበጠ፣ በብርሃን አየ፣ እንደገና ገለበጠ።

«ጋሼ፣ የኋላው ክዳን ልኩ አልተጻፈም።»

«የኋላ ክዳን የለውም።»

«የጎኑስ?»

«ጎንም የለውም።»

«ታዲያ ድምፁን ምን ይይዘዋል?»

«እንዳይያዝ ነው የተፈለገው።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ይሄ ስፒከር አይደለም፤ በር ነው። በበር ዋጋ ልሥራልዎት» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ሂሳቡን ሲነግረኝ ግን በሩ የታሰበው ከነመቃኑ፣ ከነቁልፉ መሆኑ ገባኝ።

ድምፁን ምን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። የድምፅ መሐንዲሶች መቶ ዓመት ያህል የተጨቃጨቁበት ነው። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ወረቀቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ማንኛውም ስፒከር ሁልጊዜ የሚናገረው ለሁለት ወገን ነው፤ ለፊተኛው «አዎ» ባለበት አፍ ለኋለኛው «የለም» ይላል። ሁለቱ ወሬዎች ከተገናኙ ደግሞ እርስ በርስ ይጣፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የሚባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ስፒከር ይዘው ሲቀርቡም ይህ ጣጣ አብሯቸው ነበር። መውጫው ሁለት ነው፦ ወይ ሰፊ ጣውላ አቁሞ ሁለቱን ማራራቅ፣ ወይ የኋለኛውን ሳጥን ውስጥ መቆለፍ። ዓለም በብዛት ሳጥኑን መረጠ። ሳጥን ለመሸከም ይመቻል፣ ለመደርደር ይመቻል፣ ከሁሉም በላይ ግድግዳ ይጠጋል።

ክፍቱ ጀርባ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የአያቶቻችን ትልቁ የእንጨት ሬዲዮ፣ ያ እስኪሞቅ ድረስ ዝም የሚለው፣ ጀርባው ቀዳዳ የበዛበት ካርቶን ነበር፤ ሙቀቱም ድምፁም በዚያ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዛዊው ፒተር ዎከር፣ ኳድ በሚል የንግድ ስም፣ ስስ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ኃይል እየሳበ የሚያርገበግብ ስፒከር ለገበያ አወጣ፤ እሱም ሳጥን አልባ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ይናገራል። ጀርመን ተወልዶ ካሊፎርኒያ የኖረው የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ጀርባ ከሌለው ስፒከር ጋር ሲታገል ኖረ። እሱም ሆነ ሌሎቹ የመንገዱ ሰዎች አንድ ምክር አላቸው፦ ከኋላ ካለው ግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል አርቁት።

አንድ ሜትር! ካሊፎርኒያ ላይ ሆኖ አንድ ሜትር ማለት ቀላል ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይባል ይሆናል። ድምፁ ሳጥን ሳጥን አይልም። የሰው ንግግር የሰው ንግግር ይሆናል፤ ማሲንቆው ጣውላ ውስጥ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ይመታል። ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ድምፆች በጎን በኩል ስለሚጣፉ ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳ የሚሄደው ትንሽ ነው። ቤዙም ክፍሉን እንደ ሳጥኑ ቤዝ አያስጓራውም። ፊልም ሲታይ ዝናቡ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚዘንብ ይመስላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ያቺ ከኋላው ያለችው ባዶ ቦታ ባዶ ከሆነች ነው። ጣውላውና ማግኔቱ የስፒከሩ ግማሽ ናቸው፤ ሌላው ግማሽ ማንም ያልቆመባት፣ ምንም ያልተቀመጠባት አየር ናት። ባዶ ቦታ ሥራ ላይ ነው ብሎ ቤተሰብን ማሳመን ደግሞ ከአናጢው ጋር ከመዋዋል ይከብዳል።

የሳሎናችን ወለል ሴራሚክ ነው፤ እያንዳንዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር። ይህ ለድርድሩ ጠቀመ። አንድ ሜትር ማለት ሁለት ተኩል ሴራሚክ ነው። የሳሎኑ ርዝመት ዘጠኝ ሴራሚክ ነው። ከዘጠኙ ሁለት ተኩል ለአየር ሲሰጥ፣ ሁለት ከምናምን ሶፋው ሲወስድ፣ ለእኛ ለነዋሪዎቹ አራት ያህል ይተርፋል። ሂሳቡን ቀድመው የሠሩት አማቴ ናቸው። ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ የቤቱን ወለል ከማናችንም በላይ ያውቁታል።

«ልጄ» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን፣ «ይሄ ነገር ምን አጥፍቶ ነው መሀል ቤት የቆመው?»

«ምንም አላጠፋም እማማ፤ ድምፁ ከኋላም ስለሚወጣ ነው።»

«ከኋላ ማን አለና?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ወለሉ ተወልውሎ ሲያልቅ ሁለቱም ስፒከሮች ከግድግዳው ጋር ተለጥፈው አገኘኋቸው። ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። በነጋታውም ተለጠፉ። ነጭ ፕላስተር ቆርጬ እግራቸው የሚያርፍበትን ምልክት አደረግሁ፤ ፕላስተሩ ቆሻሻ ተብሎ ተጠረገ። በመጨረሻ ቡና ላይ ተቀምጠን መነጋገር ግድ ሆነ።

የእሳቸው የመጀመሪያ ዋጋ ግማሽ ሴራሚክ ነበር። «መተንፈሻ ይበቃዋል» አሉ። ግማሽ ሴራሚክ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ 20 ሄዶ ግድግዳ ይመታል፣ 20 ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ይቀላቀላል፤ ዘግይቶ የሚደርሰው በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ ሺኛ በአንድ ከምናምን ብቻ ነው። ጆሮ ይህን ያህል ተከታትለው የመጡትን ሁለት ድምፆች ለይቶ አይሰማም፤ አንድ አድርጎ ይደምራል። የኋለኛው ደግሞ ተገልብጦ የወጣ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ መደመሩ መቀነስ ይሆናል። በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትልቁ ጉድጓድ የሚቆፈረው 860 ኸርዝ (በሰከንድ 860 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ ይህም የሰው ንግግር መሀል ነው። ተዋናዩ ይናገራል፣ ቃሉም ይሰማል፤ ግን ከድምፁ ውስጥ አንድ ነገር የተነቀለ ይመስላል።

ቤዙም ይሰደዳል። ባለ ሳጥን ስፒከር ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ግድግዳ ሲያስጠጉት ቤዙ ይወፍራል፣ ጥግ ሲከቱት ይብሳል። ጀርባ የሌለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ግድግዳው ሥር ያለ አየር ወዲያና ወዲህ መሄድ አይችልም፤ ድንጋይ ከልክሎታል። ይህ ስፒከር ደግሞ ቤዙን የሚያወጣው በትክክል አየሩን ወዲያና ወዲህ በመውሰድ ነው። ስለዚህ ሌላውን የሚያወፍረው ግድግዳ እሱን ያከሳዋል። ይህን ለአማቴ ሳስረዳ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ግድግዳ የማይስማማው ዕቃ አይቼ አላውቅም፤ ጠበል ሞክርለት» አሉኝ።

የእኔ ዋጋ ሁለት ተኩል ሴራሚክ ነበር። በዚያ ርቀት የኋለኛው ድምፅ ሁለት ሜትር ተጉዞ፣ በሰከንድ ሺኛ ስድስት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። በቁጥር ሲያዩት ከአንድ ከምናምኑ ብዙ አይለይም፤ ለጆሮ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሄልሙት ሃስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ጎቲንገን ላይ ለዶክትሬቱ ይህንኑ ነገር አጥንቶ ነበር። ጆሮ የድምፁን አቅጣጫ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው፤ ትንሽ ቆይቶ የሚከተለውን እንደ ሌላ ድምፅ ሳይቆጥር ለመጀመሪያው ማዳመቂያ ያደርገዋል። ወሬ ላይም እንዲሁ ነን፤ ቀድሞ የነገረን ሰው ይታመናል፣ ዘግይቶ የመጣው «አዎ ሰምቻለሁ» ይባላል። ድምፁ በጣም ተከታትሎ ከመጣ ግን ጆሮ ይህን ፍርድ ለመስጠት ጊዜ አያገኝም። የምከራከረው ለዚህች ለጆሮዬ የፍርድ ጊዜ ነበር።

ባለቤቴ ሽማግሌ ሆና ገባች። ፊዚክሱንም እናቷንም በእኩል አክብሮት ሰማች፤ ከዚያ ሁለት ሴራሚክ ፈረደች። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከስድስቱ የሰከንድ ሺኛ አንድ ከምናምኑ ለሰላም ሲባል ቀረ። ስፒከሮቹን ትንሽ ወደ ውስጥ አዙሬ አቆምኳቸው፤ እንዲህ ሲሆን ከኋላ የወጣው ድምፅ ግድግዳውን በሰያፍ መትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ፊት ለፊት አይመለስም።

ስምምነቱ ተፈረመ፤ ባዶው ቦታ ግን ባዶ ሆኖ አልቆየም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ቦታ ማለት ጀሪካን ያላገኘ ቦታ ማለት ነው። በመጀመሪያ ከግራው ስፒከር ኋላ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተቀመጠ። ቀጥሎ ወንድሙ መጣ። መጥረጊያው ተከተለ፤ ዝናብ የጣለ ቀን የልብስ ማስጫው ገባ። ልጆቹ መደበቂያ አገኙ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለዝምታዬም ምክንያት አለኝ። ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚመለስ ድምፅ ከሚያስቸግር፣ በልዩ ልዩ ዕቃ ተበታትኖ ቢመለስ ይሻላል። ፈረንጆቹ ለዚህ ብለው ወርዱና ውፍረቱ የተለያየ መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ ያቆማሉ፤ ሀብታሞቹ ደግሞ የተጠረበ እንጨት ይገዛሉ። እኛ ጀሪካን አለን። አንድ እንከን ብቻ አለው፦ ሙሉው ጀሪካን ዝም ይላል፣ ባዶው ግን ቤዝ ሲመታ አብሮ ያጉረመርማል። አማቴ አሁን ውኃ ማለቁን የሚያውቁት ፊልም ሲከፈት ነው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «ግድግዳው ላይ ጋቢ ስቀልበት፤ ድምፁን ይውጠዋል» ብሎ መከረኝ። ምክሩ በግማሽ እውነት ነው። ጋቢ ቀጫጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ፉጨቱን፣ የ«ስ» እና የ«ሽ»ን ስለት ያለዝባል። ወፍራሙን ድምፅ ግን አያውቀውም። የ100 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ነው። እንዲህ ያለውን በደንብ ለመዋጥ ጨርቁ የሞገዱን ሩብ ያህል፣ ማለትም ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ መወፈር አለበት። ሽሮ ሜዳ ያለውን ጋቢ ሰብስቤ ብደራርበው ይሳካል፤ ያን ጊዜ ግን ለአየር የተፈረደልኝን ሁለቱን ሴራሚክ ጋቢው ራሱ ይይዘዋል።

ስቅላቱ ቀረ፤ በፈንታው አማቴ ዳንቴል አመጡ። «ዕቃ እንዲህ ገመናውን ገልጦ በእንግዳ ፊት አይቆምም» ብለው በጣውላው አናት ላይ አልብሰው ጫፉን ወደ ኋላ ለቀቁት። መቃወም ጀምሬ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ሥራው እንከን የለውም። ዳንቴል ከክሩ ቀዳዳው ይበዛል፣ ድምፅ እንደ ልቡ ያልፍበታል፤ ማግኔቱና ሽቦው ግን አይታይም። ስንት መሐንዲስ ለስፒከር መሸፈኛ ጨርቅ ሲያማርጥ መልሱ አማቴ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

የቀረው የፊልም ፍንዳታ ነበር። የሲኒማ ድምፅ ሲቀዳ ለጉርምርምታውና ለፍንዳታው የተለየ መስመር ይሰጠዋል፤ «አምስት ነጥብ አንድ» ሲባል ነጥብ አንዷ እሷ ናት፣ የምትይዘውም እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ጀርባ የሌለው ስፒከር ለዚህ አቅም የለውም። የ40 ኸርዝ ሞገድ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ የእኔ ጣውላ ወርዱ ግማሽ ሜትር ነው። የፊቱና የኋላው ድምፅ በጣውላው ጠርዝ ዞረው ተገናኝተው፣ ሶፋዬ ጋ ሳይደርሱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ሰብ ዉፈር የሚባለው የቤዝ ስፒከር ተገዛ፤ በአራቱም ማዕዘን የተዘጋ፣ ጥቁር፣ ከባድ ሳጥን። ጥግ ገባ፣ ግድግዳ ተጠጋ፣ ቤዙ ወፈረ። አማቴ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ይሄስ ጨዋ ነው» አሉ። በነጋታው የአበባ ማስቀመጫ ተሾመበት።

ጨዋው ሳጥን ግን ከኋላው ያለው ግድግዳ የጎረቤትም ግድግዳ መሆኑን አልተነገረውም። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ንግግርን በመጠኑ ያግዳል፤ ቤዝን ግን አያግድም። ጎረቤታችን ጨዋ ሰው ናቸው፤ በር አያንኳኩም፣ ግድግዳ አይደበድቡም። አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኙኝና፣ ከእግዜር ሰላምታ በኋላ፣ «ወንድሜ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማታ ማታ ጠቡን እንሰማለን፤ ምን እንዳጣላቸው ግን እስካሁን አላወቅንም።»

ከሳጥኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ አስገባሁ፣ ከጥጉም አወጣሁት፣ ድምፁንም ቀነስኩ። ያም ሆኖ ሰውየው የመነሻውን ነገር የማወቅ መብት አላቸው። ቅዳሜ ማታ ከነባለቤታቸው ጠራኋቸው። መጡ፤ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ቡናው ተፈላ፣ ያ ለሳምንት በግድግዳ በኩል ሲሰሙት የከረሙት ፊልም ከመጀመሪያው ተከፈተ። ንግግሩ አንድም ሳያመልጣቸው በጥሞና አዳመጡ። ፍንዳታው ሲመጣ አልደነገጡም፤ የት የት እንደሚመታ በቃላቸው ያውቁታል፣ እንዲያውም አንድ ሁለቴ ቀድመው ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ፊልሙ ሲያልቅ ስለ ስፒከሩ አንድ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣

«አሁን ገባኝ» አሉ። «ለዚህች ነገር ግን ያን ያህል መደባደብ አያስፈልግም ነበር።»